«እዩልኝ» ስለ ማለት

ሰው ያለውን ነገር ለሌላ ሰው ማሳየቱ ይነቀፋልን? ይነቀፋል ብንል፣ መምህር ዕውቀቱን በሰሌዳ ላይ፣ ሸማኔ ጥበቡን በገበያ ላይ፣ ገበሬ የመከሩን ክምር በአውድማው ላይ ማሳየታቸውን ምን ልንለው ነው? አይነቀፍም ብንል ደግሞ፣ አባቶቻችን «እዩኝ እዩኝ ያለ ደብቁኝ ደብቁኝ ማለቱ አይቀርም» ብለው የተረቱት በከንቱ ነውን? ጥያቄው በሩቁ ሲያዩት ቀላል ይመስላል፤ ቀረብ ብለው ሲመረምሩት ግን ማሳየት የሚባለው አንዱ ሥራ ሁለት ልዩ ልዩ ጠባይ ያለው መሆኑ፣ ሁለቱን የሚለየውም ድንበር በልብ ውስጥ እንጂ በዓይን የማይታይ መሆኑ ይገለጣል።

እኔን ወደዚህ አሳብ የመራኝ የታላቅ ፈላስፋ መጽሐፍ አይደለም። በመሥሪያ ቤታችን ውስጥ በተጻፈ ባንድ ገጽ የእንግሊዝኛ ደብዳቤ ላይ ያገኘሁት አንድ ግሥ ነው። ግሡም «ፍሎንት» ይባላል። ይህ ቃል እንግሊዝኛ የሚማር ተማሪ ሁሉ አንድ ቀን የሚያጋጥመው፣ በቋንቋው ተወልደው ያደጉት ሰዎች ራሳቸውም ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱበት ስለ ሆነ፣ አስቀድሜ ስለ ትርጕሙና ስለ አገባቡ ጥቂት ልናገር፤ ከዚያ በኋላ ወደ ተነሣሁበት ጥያቄ እመለሳለሁ።

«ፍሎንት» ማለት በጠቅላላው አንድን የራስ የሆነ ነገር ሰው እንዲያየውና እንዲደነቅበት፣ አንዳንድ ጊዜም እንዲቀናበት፣ ሆነ ብሎ በሰው ፊት ማውጣት ነው። እንዲያው ማሳየት ብቻ ለማለት እንግሊዝኛ ሌላ ግሥ አለው፤ እርሱም «ሾው» ነው። መምህር ለተማሪዎቹ ካርታ ቢያሳይ፣ ዘበኛ ለእንግዳ መንገዱን ቢያሳይ «ሾው» ይባላል እንጂ «ፍሎንት» አይባልም። በአፍ መመካት «ቦስት» ይባላል፤ ይህ የእኛ ጉራ ነው። በአካሄድ መጐማለል «ስዋገር» ይባላል። ሕፃን ልጅ እንግዳ ባየ ጊዜ ዛፍ ላይ ወጥቶ «እዩኝ!» ቢል «ሾው ኦፍ» አደረገ ይሉታል፤ ይህም በልጅ ሲሆን የሚያስቅ እንጂ የሚያስቈጣ አይደለም። «ፍሎንት» ከነዚህ ሁሉ የሚለየው፣ አንደበት ዝም ቢል እንኳ ዕቃው ራሱ እንዲናገር የሚደረግበት በመሆኑ ነው። ባለጠጋው ስለ ሀብቱ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ፣ የወርቅ ሰዓቱ እንዲታይለት እጅጌውን ሰብሰብ ቢያደርግ፣ ይህ «ፍሎንት» ነው።

የግሡን አገባብ ስንመረምር ደግሞ ሦስት ነገሮችን እናገኛለን። አንደኛ፣ የሚታየው ነገር የባለቤቱ መሆን አለበት፤ ወይም ባለቤቱ የራሱ ያስመሰለው መሆን አለበት። ሰው የጎረቤቱን ሀብት የጎረቤቱ እንደ ሆነ እየተናገረ «ፍሎንት» ሊያደርግ አይችልም። ሁለተኛ፣ ነገሩ ታስቦበት የሚደረግ ነው፤ ልብሷ ያማረ ሴት በመንገድ ስታልፍ ሰው ዞሮ ቢያያት፣ እርሷ ይህን ካልፈለገችው፣ ቃሉ አይነካትም። ሦስተኛ፣ ተመልካች ከሌለ ሥራው የለም። ሰው በባዶ ቤት ውስጥ ሊያዝን፣ ሊደሰት፣ ሊታበይም ይችላል፤ በባዶ ቤት ውስጥ ግን «ፍሎንት» ሊያደርግ አይችልም። ከሦስቱም ነገሮች ይልቅ ይህ ሦስተኛው ለኋላ ነገራችን ዋና መሠረት ስለ ሆነ፣ አንባቢ በልቡ እንዲያኖረው እለምናለሁ።

የቃሉም ታሪክ ቢሆን ትምህርት አለበት። ቃሉ በእንግሊዝኛ ጽሑፎች ውስጥ መታየት የጀመረው እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ16ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ገደማ ነው፤ ምንጩ ከየት እንደ ሆነ ግን የቋንቋ ሊቃውንት እስካሁን አልተስማሙበትም። በመጀመሪያ ጊዜ ግሡ ተሳቢ የማይሻ ነበር፤ ሰው ባጌጠ ልብስ፣ በሚወዛወዝ የራስ ላባ አምሮ በአደባባይ መንጐማለሉን ያመለክት ነበር። ባንዲራም በነፋስ ሲውለበለብ በዚሁ ግሥ ይነገርለት ነበር። «ሀብቱን ፍሎንት አደረገ»፣ «ዕውቀቱን ፍሎንት አደረገ» እየተባለ ተሳቢ ይዞ መነገር የተለመደው በ19ኛው መቶ ዓመት ነው። እንግዲህ አስቀድሞ የልብስ ብቻ የነበረው ነውር ቀስ በቀስ ወደ ገንዘብ፣ ወደ ማዕረግ፣ ወደ ትምህርት፣ ወደ ደግነትም ሳይቀር ተዛመተ ማለት ነው።

ቃሉ የተወለደበት ዘመን በእንግሊዝ አገር ስለ ልብስ ብርቱ ሕግ የነበረበት ዘመን ነው። ከ1558 እስከ 1603 የነገሠችው ንግሥት ኤልሳቤጥ ቀዳማዊት በ1574 ባወጣችው ዐዋጅ፣ ማን ምን እንደሚለብስ በማዕረግ በማዕረግ ተዘርዝሮ ነበር። ሐምራዊ ሐር፣ የወርቅ ጥልፍልፍ ያለበት ጨርቅና የከበረ የአውሬ ጠጕር ለንጉሣዊው ቤተ ሰብና ለታላላቅ መኳንንት ብቻ የተፈቀደ ነበር። ምክንያት ሆኖ የተሰጠውም፣ የውጭ አገር ዕቃ የአገሩን ገንዘብ የሚያስወጣ መሆኑና ወጣቶች ለጌጥ ሲሉ ርስታቸውን እያባከኑ ወደ ዕዳና ወደ ክፉ ሥራ የሚወድቁ መሆናቸው ነው። ነገር ግን ሕጉ ሰውን ከጌጥ አላገደውም፤ ዐዋጁ ደጋግሞ መታወጁ ራሱ ሕዝቡ እንዳልተቀበለው ይመሰክራል። በመጨረሻም በንጉሥ ጀምስ ቀዳማዊ ዘመን፣ በ1604፣ እነዚያ የልብስ ሕጎች ተሻሩ። ሰው በሌላ ሰው ዓይን ከፍ ብሎ ለመታየት ያለውን ምኞት ዐዋጅ ሊሽረው አልቻለም።

በዚያው መቶ ዓመት ሌላ ተመሳሳይ ድምፅ ያለው ግሥም ተነሥቷል። እርሱም «ፍላውት» ነው። ትርጕሙ ሕግን፣ ደንብን ወይም ትእዛዝን በንቀት በግልጥ መጣስ ነው። የዚህ ቃል ምንጭ ዋሽንት መንፋት ከሚል ጥንታዊ ቃል ሳይሆን አይቀርም የሚሉ ሊቃውንት አሉ፤ በሰው ላይ ማፏጨት መሳለቅ እንደ ሆነ በእኛም ዘንድ የታወቀ ነው። እንግዲህ «ፍሎንት» የራስን ነገር ማጕላት፣ «ፍላውት» የሌላውን ሥልጣን መናቅ ነው። ሁለቱ ቃላት በድምፅ ስለሚቀራረቡ፣ ከ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ወዲህ ብዙ ሰዎች «ደንቡን ጣሰ» ለማለት ፈልገው «ደንቡን አሳየበት» የሚለውን ይጽፋሉ። ስሕተቱ ከመብዛቱ የተነሣ አንዳንድ የአሜሪካ መዝገበ ቃላት ከማስጠንቀቂያ ጋር እስከ መመዝገብ ደርሰዋል።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው አንድ ነገር አለ። በዚያ በኤልሳቤጥ ዘመን ማዕረጉ የማይፈቅድለትን ሐር ለብሶ በለንደን መንገድ የተንጐማለለ የነጋዴ ልጅ፣ በአንድ እርምጃ ሁለቱንም ግሦች ፈጽሟል፤ ልብሱን ሲያሳይ ሕጉን ጥሷል። ዛሬ የልብሱ ሕግ የለም። ሆኖም «እዩልኝ» የሚል ሰው ያልተጻፈ አንድ ሕግ አይጥስምን? እኔ ይጥሳል እላለሁ። የትኛውን ሕግ እንደ ሆነ ግን ከመጽሐፍ ሳይሆን ከራሴ ጥፋት ስለ ተማርሁት፣ እርሱን ልናገር።

በመሥሪያ ቤታችን ሥራ ከጀመረ ዓመት ያልሞላው አንድ ወጣት ጸሐፊ ነበር። ትሑትና ትጉህ ነው። የእንግሊዝኛ ደብዳቤ ባረቀቀ ቍጥር አስቀድሞ ወደ እኔ ጠረጴዛ ይዞ መጥቶ «ጋሼ፣ እስቲ ይዩልኝ» ይለኝ ነበር። እኔም ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ያለፈ ትምህርት የሌለኝ ስሆን፣ ቋንቋውን በማንበብ ብዛት ስለ ለመድሁት በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ እንደ ዐዋቂ እቈጠር ነበር። አንድ ቀን ይህ ወጣት፣ ዕቃ ለማቅረብ የተዋዋለ አንድ የውጭ አገር ነጋዴ የጨረታውን ደንብ እንደ ጣሰ የሚያመለክት ደብዳቤ አርቅቆ አመጣልኝ። «ፍላውት» ሊል ፈልጎ «ፍሎንት» ብሎ ጽፏል።

ይህን ለማረም የሚያስፈልገው እርሳስና የአንድ ደቂቃ ጊዜ ብቻ ነበር። በዚያ ሰዓት ግን የክፍሉ ሹም ከሁለት እንግዶች ጋር በቢሮው ውስጥ ቆመው ነበር። እኔም ወረቀቱን ከፍ አድርጌ ያዝሁና ዐረፍተ ነገሩን ጮኽ ብዬ አነበብሁት። ቀጥዬም፣ በዚህ ደብዳቤ መሠረት ነጋዴው የጨረታውን ደንብ እንደ ወርቅ ሐብል በአንገቱ አጥልቆ በአደባባይ ተጐማልሎበታል አልሁ። ሁሉም ሣቁ። ሣቁ ስለ ጣመኝ፣ ከላይ ለአንባቢ የጻፍሁትን የቃሉን ታሪክ፣ የንግሥቲቱን ዐዋጅና የዋሽንቱን ነገር ሳይቀር እየዘረዘርሁ ተናገርሁ። ሹሙም «እንዲህ ያለ ዐዋቂ በመካከላችን አለን?» ብለው አመሰገኑኝ። ወጣቱ ወረቀቱን ተቀብሎ፣ እጅ ነሥቶ፣ ወደ ቦታው ተመለሰ። ፊቱን ለማየት እንኳ ጊዜ አልነበረኝም፤ እኔ የምመለከተው የእንግዶቹን ፊት ነበርና።

በዚያን ዕለት ማታ ከሥራ ስንወጣ፣ ብዙ ዘመን የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ሆነው ያገለገሉ አንድ አዛውንት በደረጃው ላይ ጠበቁኝ። «ልጄ» አሉኝ፤ «ዕውቀትህን አየንልህ። ለልጁ ግን ምን ሰጠኸው?» መልስ አልነበረኝም። «ስሕተቱን አረምሁለት እኮ፣ ጋሼ» ብዬ ለማምለጥ ሞከርሁ። እርሳቸውም «አርመህለት ቢሆንማ ነገ ተመልሶ ይመጣ ነበር» ብለውኝ በትራቸውን ይዘው ወረዱ።

እንዳሉትም ሆነ። ወጣቱ ከዚያን ቀን ወዲህ አንድም ወረቀት ይዞልኝ አልመጣም። ሲያየኝ ይነሣል፤ እጅ ይነሣል፤ ነገር ግን አይጠይቀኝም። አንድ ወር ያህል ካለፈ በኋላ፣ ክፍያው በ30 ቀን ውስጥ እንዲፈጸም የሚል ደብዳቤ በ13 ቀን እንዲፈጸም ተብሎ ተጽፎ ወጣ። እንግሊዝኛ የተማረ ሁሉ እንደሚያውቀው «ተርቲ»ና «ተርቲን» በጆሮ የሚያሳስቱ ቍጥሮች ናቸው። ደብዳቤው ቀድሞ በእኔ ጠረጴዛ አልፎ ቢሆን ኖሮ ወዲያው በተያዘ ነበር። ከብዙ ልመናና መጻጻፍ በኋላ ነገሩ ተስተካከለ፤ ወጣቱ ግን የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠው። ያ ማስጠንቀቂያ በእርሱ ማኅደር ውስጥ ይገኛል። በእኔ ማኅደር ውስጥ ምንም የለም።

ከዚህ በኋላ የአዛውንቱን አንዲት ቃል ደጋግሜ አሰብኋት። «አየንልህ» አሉኝ እንጂ «አየንህ» አላሉኝም። አማርኛችን በዚህ ረገድ ከእንግሊዝኛው የበለጠ ጥልቅ ነው። ስለ «ፍሎንት» ልዩ ልዩ መልክ ብዙ ቃላት አሉን፤ በአኳኋን ከሆነ መጀነንና መኮፈስ፣ በድሎት ከሆነ መንቀባረር፣ በጽድቅ ከሆነ መመጻደቅ፣ በትምህርት ከሆነ አወቅሁ ባይነት እንላለን። ሥራውን ሁሉ በአንድነት ስንጠራው «ታይታ»፣ ሰውየውንም «ልታይ ባይ» እንለዋለን። ከሁሉ ይልቅ ግን የነገሩን ሥር የሚያወጣው «እዩልኝ ስሙልኝ» የሚለው አነጋገር ነው። «ልኝ» የምትለው ትንሽ ምዕላድ ልመናን ታመለክታለች። «ስጡልኝ»፣ «ጸልዩልኝ»፣ «አስታርቁልኝ» እንደምንለው ሁሉ፣ «እዩልኝ» የሚለውም ሰው አንድ የጐደለውን ነገር እየለመነ ነው። በውጭ ሲታይ የተረፈው ይመስላል፤ በእውነቱ ግን እጁን ዘርግቶ የቆመ ለማኝ ነው። የሚለምነውም የሰውን ዓይን ነው።

ያ ወጣትም «ይዩልኝ» ይለኝ እንደ ነበረ አንባቢ ሳያስታውስ አይቀርም። የእርሱ ልመና ግን የተለየ ነበር። እርሱ ጕድለቱን አውጥቶ «ይዩልኝና ሙሉልኝ» ይል ነበር፤ እኔ ጕድለቴን ደብቄ «እዩልኝና አድንቁኝ» አልሁ። የእርሱ ልመና የሚያስከብር፣ የእኔው የሚያሳፍር ነበር። በዚያ ክፍል ውስጥ በሰዎች ፊት የተዋረደው እርሱ መሰለ፤ የለመነውን ግን በእውነት የተራበው እኔ ነበርሁ።

ይህን የሰውን ዓይን የመለመን ነገር ሊቃውንትም መርምረውታል። ቶርስታይን ቬብለን የተባለ አሜሪካዊ የኢኮኖሚ ሊቅ በ1899 ስለ ባለጠጎች ኑሮ ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሰው ክብር ለማግኘት ሀብት መያዙ ብቻ እንደማይበቃው፣ ሀብቱ በሰው ፊት መታየት እንዳለበት፣ ስለዚህም ብዙው ወጪ ለጥቅም ሳይሆን ለተመልካች ዓይን እንደሚደረግ አስረድቷል። ይህ የባለጠጎች ብቻ ነገር እንዳልሆነ እኛም እናውቃለን። ከዓመት ዓመት የማያደርሰውን በሬ ሸጦ፣ ወይም ከአራጣ አበዳሪ ተበድሮ፣ «እገሌ እንዲህ ደገሰ» ለመባል ሰርግና ተዝካር የሚደግስ ሰው በየአገሩ ታይቷል። ዛሬም የእጅ ስልክ ያለው ሁሉ የሚበላውን ምግብና የሚጓዝበትን ቦታ ፎቶግራፍ እያነሣ ለሩቅ ሰው ያሳያል። ዘዴው ተለወጠ እንጂ ልመናው ያው ነው።

ደግሞም ይህ ነውር ትሕትናን ራሷን ለጌጥ ሊያደርጋት ይችላል። ስለ ግሪካውያን ፈላስፎች ከሚነገሩት ታሪኮች አንዱ ይህን ያሳያል። በበርሜል ውስጥ ይኖር የነበረው ዲዮጋን ወደ አፍላጦን ቤት ገብቶ፣ የተነጠፈውን ምንጣፍ በእግሩ እየረገጠ፣ የአፍላጦንን ትዕቢት እንደ ረገጠ ተናገረ ይባላል። አፍላጦንም፣ ረገጥኸው፤ ነገር ግን በሌላ ትዕቢት ነው፣ ብሎ መለሰለት ይባላል። እንግዲህ ባለ ምንጣፉ ብቻ ሳይሆን ምንጣፍ የለሹም ድህነቱን «እዩልኝ» ሊል ይችላል። ታይታ በዕቃው ዋጋ የሚለካ አይደለም፤ የተቀደደ ልብስም እንደ ሐር ሊያገለግለው ይችላል።

ይህን ሁሉ የሰማ ሰው «እንግዲያውስ ሁሉም ነገር ተሸፍኖ ይቀመጥ፤ ዐዋቂም ዝም ይበል» ሊል ይችላል። እንዲህ ያለው አሳብ ግን ከመጀመሪያው የባሰ ስሕተት ነው። የተደበቀ ዕውቀት ለማንም አይጠቅምም፤ ያልታየ መብራትም ጨለማን አያርቅም። ሕዝባችን «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ሲል፣ መታየት በቦታውና በጊዜው ሲሆን የተገባ መሆኑን ይመሰክራል። በጥምቀት ቀን ሁሉም ያጌጣል፤ ሁሉም ያያል፤ ሁሉም ይታያል። የአንዱ ነጭ ልብስ የበዓሉን ውበት ይጨምራል እንጂ የጎረቤቱን አያሳንስም። ስለዚህ ይህ ደስታን መካፈል እንጂ ታይታ አይባልም።

ፉከራም ቢሆን ቀድሞ ሥርዓት ነበረው። አርበኛው ከዘመቻ ሲመለስ በጌታው ፊት ግዳዩን ጥሎ ሲፎክር፣ አብረውት የዘመቱት ሰዎች ቆመው ይሰሙት ነበር። ያልሠራውን ቢናገር የሚያፍረው በእነርሱ ፊት ነው። ደግሞም የሚፎክርበት ሥራ ሕይወቱን ለአደጋ የሰጠበት ሥራ ነው። ሥራው ከፉከራው የቀደመ፣ ፉከራውም ሌላውን ወደ ጀግንነት የሚያነሣሣ ነበር። ሥራ ሳይኖር፣ ወይም ሥራው የሌላው ሆኖ ሳለ የሚሰማ ፉከራ ግን ያው ጉራ ነው፤ ለዚህም የሚሆን የተለየ ቃል ስላለን ሁለቱን አናምታታቸውም።

እንግዲህ ድንበሩ የት ላይ ነው? እኔ በበኩሌ ከላይ ከተናገርሁት ጥፋት የተማርሁት መለኪያ አንድ ነው፤ ይኸውም፣ ካሳየሁ በኋላ ያየው ሰው ምን ይዞ ሄደ? ብሎ መጠየቅ ነው። መምህር ትምህርቱን ካሳየ በኋላ ተማሪው አንድ ነገር ጨምሮ ቢሄድ፣ ያ ማሳየት መስጠት ነው። ተማሪው ምንም ሳይጨምር፣ የመምህሩን ትልቅነትና የራሱን ትንሽነት ብቻ ይዞ ቢሄድ፣ ያ ማሳየት መውሰድ ነው። የሚገርመውም በሁለቱም ጊዜ መምህሩ የተናገረው ቃል አንድ ዓይነት ሊሆን መቻሉ ነው። እኔ በዚያን ቀን ስለ ሁለቱ ግሦች የተናገርሁት ሁሉ ትክክል ነበር። ትክክል መሆኑም ጥፋቴን አያቀልልኝም፤ እንዲያውም ያከብደዋል፤ እውነትን ለልመና ተጠቅሜባታለሁና።

«እዩልኝ» ባይ የሚጥሰው ያልተጻፈ ሕግ ይህ ነው እላለሁ። ሰው የተሰጠው ጸጋ ሁሉ፣ ሀብትም ቢሆን፣ ሥልጣንም ቢሆን፣ ትምህርትም ቢሆን፣ በእጁ የተቀመጠ አደራ ነው። ባለአደራ አደራውን ለባለጉዳዩ ሊያደርሰው ይገባል እንጂ በአንገቱ አጥልቆ ሊጐማለልበት አይገባም። ስለዚህም እነዚያ የተምታቱ ሁለት ግሦች በቋንቋ ሕግ ቢለያዩም፣ በግብረ ገብ ሕግ ብዙ ጊዜ አብረው ይሄዳሉ። ጸጋውን «ፍሎንት» ያደረገ ሰው አደራውን «ፍላውት» አድርጓል።

ይህ ነገር ከሁሉ ይልቅ የሚመለከተው እኛን በጽሕፈት ቤትና በትምህርት ቤት የምንውለውን ነው። ባለጠጋ ወርቁን ቢያሳይ የሚጐዳው ይበልጡን ራሱን ነው፤ ተመልካቹ ዓይኑን መልሶ መሄድ ይችላል። ባለጉዳይ ግን ከጠረጴዛችን ፊት ዓይኑን መልሶ መሄድ አይችልም፤ ጉዳዩ በእኛ እጅ ነው። የማይገባውን የባዕድ ቃል እየደረደርን ብናናግረው፣ ሳይገባው ራሱን ነቅንቆ፣ እጅ ነሥቶ ይሄዳል፤ እኛም የተከበርን ይመስለናል። ተማሪም በክፍል ውስጥ ስሕተቱ የሣቅ መነሻ ከሆነበት፣ ስሕተቱን አይተውም፤ መጠየቁን ይተዋል። የማይጠይቅ ተማሪ፣ የማይጠይቅ ጸሐፊ፣ የማይጠይቅ ባለጉዳይ የሞላበት ቤት ጸጥ ያለና የተከበረ ይመስላል፤ ውስጡ ግን በ30 ፈንታ 13 የተጻፈባቸው ደብዳቤዎች የሚወጡበት ቤት ነው።

ወጣቶች ተማሪዎችም ከዚህ አንድ ነገር እንዲወስዱ እመኛለሁ። የባዕድ ቋንቋ መማር መልካም ነው፤ የቃልን ሥር እስከ መጨረሻው መመርመርም መልካም ነው። ነገር ግን አዲስ ቃል የተማራችሁ ዕለት፣ ያን ቃል ለማን ልናገርበት ብላችሁ ከመቸኰላችሁ በፊት፣ ለማን ልጥቀምበት ብላችሁ ጠይቁ።

ስለ ባልደረባዬ የቀረውን ተናግሬ ላብቃ። ይቅርታ መጠየቅ እንዳለብኝ ካወቅሁ በኋላ ብዙ ቀን አመነታሁ፤ በአደባባይ ይቅርታ ብጠይቅ፣ ይቅርታዬ ራሱ ሌላ «እዩልኝ» እንዳይሆንብኝ ፈራሁ። በመጨረሻ አንድ ቀን የምሳ ሰዓት ደርሶ ሰው ሁሉ በወጣ ጊዜ፣ በዚያን ጧት እኔ ራሴ ያረቀቅሁትን ደብዳቤ ይዤ ወደ ጠረጴዛው ሄድሁና «እስቲ እየው፤ የተሳሳትሁት ነገር ይኖራል» አልሁት። ብድግ አለ፤ ተቀመጥ አልሁትና ወንበር ስቤ አጠገቡ ተቀመጥሁ። ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበ። ከዚያም ኪሱ ውስጥ ካለው እርሳስ አውጥቶ፣ አንድ ቃል ላይ ፊደል ጎድሎ ኖሮ፣ በስሱ ጨመረበትና ወረቀቱን መለሰልኝ። ጮኾ አላነበበውም።